ቶኪዮ ያላችሁ፦ ሞታ ለተወለደች ልጅ ጂዞ ጋ መሄድ እንዴት ይታያል?

ካትሱሺካ_ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቶኪዮ ነው የምኖረው፤ ካትሱሺካ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር። ባለፈው ዓመት ልጄን በሰባተኛ ወሯ አጣኋት። ሆዴ ውስጥ እንዳለች ልቧ ቆመ። ወለድኳት፣ ታቀፍኳት፣ መልሼ ሰጠኋቸው።

እዚህ አገር ከ12 ሳምንት በኋላ የሞተ ጽንስ በ7 ቀን ውስጥ ለወረዳው መመዝገብ አለበት። ከዚያ ፈቃድ ይሰጥና አስከሬኑ ይቃጠላል። መቅበር በሕግ ባይከለከልም ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው። እኔም ባለቤቴም ያን ሰሞን ከማንም ጋር የምንሟገትበት አቅም አልነበረንም። አሁን አመዷ በትንሽ ነጭ ዕቃ ውስጥ ቤታችን ነው ያለው። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

አገር ቤት ስደውል «እግዜር ይተካል፣ ገና ልጅ ነሽ» ይሉኛል። ክርስትና አልተነሳችም። ፍትሐት የለ፣ አርባ የለ። ለቅሶ የደረሰኝ ሰው በጣት ይቆጠራል። አብራኝ የምትሠራ ጃፓናዊት ግን እንደሰማች «ከፈለግሽ ዞጆጂ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ። ዞጆጂ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ነው፤ የሕፃናት ጠባቂ የሚሉት የጂዞ ሐውልቶች አሉበት። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የሚደረግ ሥርዓትም አለ፣ ሚዙኮ ኩዮ ይባላል።

የሚያውቅ ካለ ምን እንደሚደረግ ይንገረኝ። ደግሞ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ብሄድ ምን ማለት ነው? ስድብ እንዳታመጡብኝ እባካችሁ፣ አልችልም።

ዮኮሃማ_የቆየ

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ሳንሰማ ቀርተን ነው፣ ይቅር በይን።

ዞጆጂን በደንብ አውቀዋለሁ። ሺባ ውስጥ ነው፣ ቶኪዮ ታወር ሥር። በ1393 የተመሠረተ የጆዶ ሹ (ከቡድሂስት ወገኖች አንዱ ነው) ትልቅ ቤተ መቅደስ ነው። ከዋናው ሕንፃ በስተቀኝ ስትሄጂ ትናንሽ የድንጋይ ሐውልቶች ረጅም ሰልፍ ይዘው ታያለሽ። ቀይ ቆብ አድርገዋል። አንገታቸው ላይ እንደ ሕፃን የለሃጭ ጨርቅ የታሰረላቸውም አሉ። አጠገባቸው በነፋስ የምትሽከረከር ባለቀለም መጫወቻ ተሰክቷል። አንዳንዱ ጋ ጭማቂ፣ ከረሜላ፣ ትንሽ መኪና ታገኛለሽ። ሁሉም ለሞቱ ልጆች የቆሙ አይደሉም፤ ልጃችን በጤና ይደግልን ብለው ያስቀመጡም አሉ። ስለዚህ አጠገብሽ ደስ ያላት እርጉዝ ብታዪ አትደንግጪ። (ይህን የምነግርሽ ሳታስቢው እንዳይመታሽ ነው።)

ጂዞ ቦዲሳትቫ ነው። ራሱ መድረስ የሚችልበት ደርሶ፣ ሌላው እስኪድን ልቆይ ብሎ የቀረ ማለት ነው። ሲኦል ባዶ ሳይሆን ቡድሃ አልሆንም ብሎ ቃል ገብቷል ይላሉ። ሕንድ ውስጥ ስሙ ክሺቲጋርባ ነው፤ በቻይና በኩል ነው ወደዚህ የመጣው። ጃፓኖች ጋ ሲደርስ የመንገደኛና የሕፃናት ጠባቂ ሆነ።

ሕዝቡ የሚያወራው ታሪክ ደግሞ አለ። ከወላጆቻቸው ቀድመው የሞቱ ልጆች ሳይ ኖ ካዋራ በሚባል ድንጋያማ የወንዝ ዳር ይቀራሉ። በጎ ሥራ ለመሥራት ዕድሜ ስላላገኙ መሻገር አይችሉም። ለእናት ለአባታቸው ምርቃት እንዲሆን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይከምራሉ። አጋንንት እየመጡ ያፈርሱባቸዋል። እነሱ እንደገና ይጀምራሉ። ጂዞ ደርሶ እጅጌው ውስጥ ይደብቃቸዋል። ሐውልቶቹ አጠገብ ጠጠር ተከምሮ የምታዪው ለዚህ ነው፤ አላፊ አግዳሚው አንድ ጠጠር ጨምሮ ያግዛቸዋል። ሰሜን አኦሞሪ ውስጥ ኦሶሬዛን የሚባል ተራራ አለ። ድኝ ይሸታል፣ መሬቱ ራቁቱን ነው፣ ዙሪያው የድንጋይ ክምርና የሚሽከረከር መጫወቻ። ልጅ የሌለኝ ሰው እንኳ ቶሎ ልውጣ ብያለሁ።

ሥርዓቱ ራሱ አጭር ነው። ቀድመሽ ትደውያለሽ። መነኩሴው ሱትራ (ቅዱስ ጽሑፋቸውን) ያዜማል፣ ዕጣን ይታጠናል፣ እጅ ትነሺያለሽ። ክፍያ አለው፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስትደውዪ ጠይቂ፣ ነውር አይደለም። ሃይማኖትሽን የሚመረምርሽ አይኖርም።

አንድ ሌላ ነገር፤ ከርዕሱ ይወጣል ግን ይጠቅምሻል። የጤና መድኅን ካለሽ ከ85 ቀን እርግዝና በኋላ ለሆነ ወሊድ የሚሰጠው ድጎማ ሞቶ ለተወለደም ይከፈላል። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ 500,000 የን ነው። 2 ዓመት ሳይሞላ መጠየቅ ይቻላል። ተቀጣሪ ከሆንሽ ከወሊድ በኋላ ያለው የ8 ሳምንት ዕረፍትም ይገባሽ ነበር። ብዙ ሐበሻ «ልጁ የለም እኮ» ብሎ ይተወዋል።

ካትሱሺካ_ነኝ

ዕረፍቱን ሰጥተውኛል። ስለ ገንዘቡ ሆስፒታሉ ያስፈረመኝ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። አመሰግናለሁ ወንድሜ። ስለ እርጉዞቹ ማስጠንቀቅህም ጥሩ ነው።

ዘአራዳ

እህቴ፣ ዲያቆን ነኝ። ስድብ ከእኔ አትሰሚም።

አለማልቀስ ግዴታሽ አይደለም። የዳዊትን ታሪክ አንብቢ፣ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12። ልጁ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ስምንተኛው ቀን ስላልደረሰ ገና አልተገረዘም ነበር የሚሉ አሉ። ዳዊት ግን «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ» ነው ያለው። ከሰው አይቆጠርም አላለም።

ዕጣን አጥነሽ፣ በጣዖት ፊት ሰግደሽ፣ ልጄን ጠብቅልኝ ማለት ግን አምልኮ ነው። ጃፓኖቹ ራሳቸው አምልኮ ነው የሚሉት፤ «ባህል ብቻ ነው» ብለን ብናቃልለው እነሱንም መናቅ ይሆናል። ባልደረባሽን አጅበሽ መሄድና ቆመሽ ማልቀስ ሌላ ነገር ነው። ማንም አይከለክልሽም። ኪዮቶ አካባቢ የኮፕት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እኅት ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ካህኑን በስልክም ቢሆን አግኚያቸው። ስለ አመዱም ጠይቂያቸው፤ አፈር ሊቀምስ ይችላል።

ሜላት_ፖርትላንድ

ዲያቆን፣ በአክብሮት፣ ካህን ጋ ሄጄ «ልጅሽ ስላልተጠመቀ የማደርግልሽ የለም» የተባልኩት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። የሚያነቡልኝ ነገር ስላልነበራቸው ነው። ትልቅ ሰው ቢሞትብኝ ሠልስት አለ፣ ሰባት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ለኔ ልጅ አንድም አልነበረም።

ኦሪገን ውስጥ ክላትስካኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ግሬት ቫው የሚባል የዜን ገዳም አለ። ሕንፃው ድሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ከመሥራቾቹ አንዷ ጃን ቾዘን ቤይስ የሕፃናት ሐኪምም ናቸው። በየዓመቱ ልጅ ለሞተባቸው ሰዎች የጂዞ ሥርዓት ያደርጋሉ። ለሚዙኮ፣ ማለትም ሳይወለድ ለሞተ ልጅ፣ ብቻ አይደለም፤ ልጇ በ20 ዓመቱ የሞተባት እናት አጠገቤ ነበረች።

ምን እንዳደረግን ልንገርሽ። ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ፣ መርፌ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ ወረቀት ተዘርግቷል። ለጂዞ ሐውልት የሚሆን ትንሽ ልብስ ትሰፊያለሽ። አለቀ። ማንም አያወራም። ማንም አያጽናናም! «እግዜር ይተካል» የሚል ሰው የሌለበት ክፍል ገብቼ አላውቅም ነበር፣ መጀመሪያ ላይ ጨነቀኝ። ትከሻዬን የሚይዝ ጠበቅሁ። ቆይቶ ግን ማንንም «ደህና ነኝ» ማለት እንደሌለብኝ ገባኝና እጄ ራሱ መስፋት ጀመረ። ስፌት አልችልም። ጠማማ ቆብ ሆነ። ከዚያ ወደ አትክልቱ ቦታ ወጥተን አለበስናቸው። የልጆቹ ስም ተጠራ፣ ዜማ ተዜመ። ያለበስነው ዝናብና ፀሐይ እስኪጨርሰው እዚያው ይቀራል።

ቡድሂስት አልሆንኩም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። ልጄ ግን ቀንና ቦታ አገኘ።

ጥርጣሬ_አይከፋም

ሐዘንሽን እያከበርኩ፣ ጂዞን ሁላችሁም በጣም አሳመራችሁትና አንድ ነገር ልበል።

ሚዙኮ ኩዮ አሁን ባለው መልኩ የጥንት ነገር አይደለም። ጂዞ ጥንታዊ ነው፣ የሳይ ኖ ካዋራ ተረትም የቆየ ነው። ሥርዓቱ በዚህ ስፋት የተስፋፋው ግን በ1970ዎቹ ነው። ጃፓን በ1948 ውርጃን ፈቀደች፣ በ1949 የኢኮኖሚ ችግርንም በምክንያትነት ጨመረች። ብዙ ሴቶች ዝም ብለው የተሸከሙት ነገር ነበር። በ1971 ቺቺቡ ውስጥ ሺዑንዛን ጂዞጂ የሚባል ለዚሁ ብቻ የቆመ ቤተ መቅደስ ተከፈተ፤ ኮረብታው በሐውልት ተሸፈነ። ያኔ መጽሔቱም አንዳንዱ ቤተ መቅደስም «ሥርዓት ያልተደረገለት ልጅ ታታሪ ያመጣባችኋል» ማለት ጀመረ። በጃፓንኛ እርግማን ማለት ነው። ራስ ምታትሽ ከሱ ነው፣ የባልሽ ሥራ ማጣት ከሱ ነው፣ ሌላው ልጅሽ በትምህርት የሚሰንፈው ከሱ ነው። መድኃኒቱ ሐውልት መግዛት!

ጆዶ ሺንሹ፣ ከጃፓን ትልልቆቹ የቡድሂስት ወገኖች አንዱ፣ ይህን አይቀበልም። ሙታን አይራገሙም ይላል። ስለዚህ ተቃውሞው ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ።

የእኛን ደብተራና ጠንቋይ ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም።

ዮኮሃማ_የቆየ

ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርም። ስሙ መመሳሰሉ እንዳያሳስትሽ ብቻ ካትሱሺካ፤ ዞጆጂ ጆዶ ሹ ነው፣ እሱ የጠቀሰው ጆዶ ሺንሹ ነው። በራሪ ወረቀታቸው ላይ እርግማን የሚል ቃል ያየሽበት ቦታ ሁሉ ግን ዞር ብለሽ ውጪ።

ሜላት_ፖርትላንድ

እስማማለሁ። ግን ነጋዴ የገባበት ነገር ሁሉ ውሸት ነው ካልን የእኛም ተዝካር ይወድቃል። ለተዝካር በሬ ጥሎ ዕዳ ውስጥ የገባ ስንት አባወራ አለ። ቀኑን ግን እንፈልገዋለን።

ስሜን_ልተወው

መጻፍ አልፈልግም ነበር። የእኔ አልሞተብኝም፤ አስወርጄ ነው። ቤይሩት ሠራተኛ ሳለሁ። የማን እንደነበር አልናገርም። አሁን ትዳር አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ጥርጣሬ የጻፈውን የእርግማን ነገር ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ነው ያመንኩት።

እዚያ ሥርዓት ላይ እንደኔ ያለችዋን ለይተው ያስቀምጣሉ?

ሜላት_ፖርትላንድ

አይለዩም የኔ እህት። ለጂዞ በራሱ የወረደውም፣ ያስወረዱትም፣ ተወልዶ የሞተውም አንድ ነው። እኔ በነበርኩበት «እንዴት ሞተ» ብሎ የጠየቀ የለም። ብትናገሪ ይሰማሉ፣ ባትናገሪ ትሰፊያለሽ። ቡድሂዝም ውስጥ ነፍስ ማጥፋት ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ የመጀመሪያው ትእዛዛቸው እሱ ነው። ግን ሥርዓቱ የሚጀምረው ከፍርድ አይደለም።

ዘአራዳ

ስሜን ልተወው፦ በእኛም ንስሐ አለ፤ ንስሐ ሲሰጥ ደግሞ ነገሩ ያልቃል። እየተራገመ የሚከተልሽ ሕፃን የለም። ይህን ማንም ቢነግርሽ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ አይደለም። ተኚ።

ዘሃራ_ሪያድ

አላህ ይተካልሽ ልል ነበር፣ ተውኩት። ሶብር ይስጥሽ።

በእኛ ሕፃን የሞተባት እናት በጀነት በር ልጇ ይጠብቃታል ይባላል። እናቴ ሁለት ቀብራ በዚህ ነው የቆመችው። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። አብራኝ የምትሠራ የስሪላንካ ልጅ አለች፣ ቡድሂስት ናት። ታናሽ ወንድሟ ትንሽ ልጅ እያለ ሞተ፣ መሄድ አልፈቀዱላትም። ቤተሰቦቿ በ7ኛው ቀን፣ ከዚያ በ3ኛው ወር መነኮሳት ጠርተው አበሉ። እሷ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ በስልክ ታያለች። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ከማንቆርቆሪያ ውሃ ወደ ትንሽ ጽዋ ታፈሳለች፤ ጽዋው ይሞላና ወደ ሳህኑ ይፈሳል፣ መነኮሳቱ ያዜማሉ። ምንድነው ስላት፣ ያበላነው በጎ ሥራ ለእሱ እንዲደርስ ነው አለችኝ። እኛ ሰደቃ አውጥተን ምንዳው ለሟች ይድረስ እንደምንለው። ዱዓዬን አድርጌ አብሬያት ቁጭ አልኩ። እምነቴ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ኔታንያ_ያለሁ

እስራኤል ያለነውም ሌላ ግድግዳ አለብን። 30 ቀን ላልሞላው ሕፃን ሺቫ፣ የአይሁድ የሰባት ቀን ለቅሶ፣ አይቀመጡም። ሕጉ የወጣው ድሮ ሕፃናት በብዛት ስለሚሞቱ ወላጅ ላይ እንዳይከብድ ነው ይላሉ። ቀብር ድርጅቱ ወስዶ ይቀብራል፤ ድሮ ወላጅ መቃብሩ የት እንደሆነ እንኳ አይነገረውም ነበር። አሁን የሚጠይቅ ወላጅ በዛ፣ ነገሩም ይሻሻላል። ጎንደር ሳለን ቤተ እስራኤልም ለትልቅ ሰው ተዝካር እናወጣ ነበር። ለሕፃን ግን ሲወጣ አላየሁም።

እትዬ_ደብረማርቆስ

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ። አንዱ ሞቶ ነው የተወለደ። አማቴ በጨርቅ ጠቅልላ ወሰደችው፣ ከጓሮ ተቀበረ። ቤተ ክርስቲያን አይገባም፣ አልተጠመቀማ። ለሕፃን አይለቀስም፣ ሌላውን ይከለክልብሻል አሉኝ። ጡቴ ወተት ሞልቶ ሳለ በማግሥቱ እንጀራ ጋገርኩ። የተቀበረበትን አውቀዋለሁ፣ ጌሾ ተክዬበታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጌሾውን ግን ሌላ ሰው ሲቆርጠው አልወድም።

አንቺ ልጅ፣ ሄደሽ አልቅሺ። የጃፓኗን ልጅ ደግሞ አመስግኚልኝ። ሰው ናት። ለሐውልቱ አትስገጂ፣ ዲያቆኑ ልክ ነው። ልብሱን ግን ስፊላት። ልብስ መስፋት ኃጢአት ነው ያለ ቄስ አላየሁም።

ዮኮሃማ_የቆየ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዲያቆንን ላናድድ ይሆናል። የጂዞ ቀን በየወሩ 24 ነው። የእኛ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም 24 ናቸው። ቀን መቁጠሪያው አይገጥምም፣ አውቃለሁ፣ ትርጉም አለው ማለቴም አይደለም። ግን ወርኃዊ ቀን ይዘው ሲዘክሩ ሳይ የማላውቀው ነገር አልመሰለኝም። ኪዮቶ ደግሞ በኦገስት 24 አካባቢ ጂዞ ቦን የሚባል አለ። የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ጂዞ አጠገብ ይጫወታሉ፣ ጣፋጭ ይታደላሉ። የሕፃናት በዓል ነው፣ ለቅሶ የለውም።

ዘአራዳ

አልተናደድኩም። ትንሽ ብቻ።

ጥርጣሬ_አይከፋም

እትዬ ያሉትን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይህኛው ደግሞ በእውነት ጥንታዊ ነው። ኪሳ ጎታሚ የምትባል ሴት የሞተ ልጇን ታቅፋ መድኃኒት ስጡኝ እያለች ትዞራለች። ቡድሃ ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ አምጪልኝ ይላታል። ሰናፍጩ በየቤቱ አለ። ሰው ያልሞተበት ቤት ግን አጣች። ይህን ታሪክ «ሁሉም ይሞታል፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አድርገው ሲሰብኩት አልወድም ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሴትዮዋ በየቤቱ ስትገባ የሆነው ሌላ ነው። በየደጁ አንድ ሰው የራሱን ሟች ነግሯታል። እዚህ ክር ላይ የሆነው እሱ ይመስለኛል።

ካትሱሺካ_ነኝ

ሁላችሁንም ደጋግሜ አነበብኳችሁ። ለባለቤቴም አነበብኩለት። እስካሁን ስለ እሷ አውርተን አናውቅም ነበር፣ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ ዝም እላለሁ። የእትዬ ጌሾ ላይ ሲደርስ ተነስቶ በረንዳ ወጣ።

የወሰንነው እንዲህ ነው። ዞጆጂ ከባልደረባዬ ጋር እሄዳለሁ። የመነኩሴውን ሥርዓት አላስደርግም። ዲያቆን ያለው አሳምኖኛል፤ እኔ ራሴ ሳላምንበት ብጠራው ለእነሱም ለእኛም ልክ አይመስለኝም። ቀይ ቆብ እሰፋለሁ፣ ቆሜ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ ደግሞ ኪዮቶ ያሉትን አባት ደውሎ አገኛቸው። ስለ አመዷ መቃብር ሊያፈላልጉልን ቃል ገብተዋል። መጀመሪያ መጥታችሁ አልቅሱ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን ብለውታል።

ስሜን ልተወው፣ ካለሽበት ጻፊልኝ። ላንቺም አንድ እሰፋልሻለሁ። ቀለም ምረጪ፣ ባልደረባዬ ቀይ ግድ አይደለም ብላኛለች።

ስሜን_ልተወው

ቢጫ።

ሜላት፣ ሲያትል ነው ያለሁት። ኦሪገን ያለው ላይ ያልተመዘገበ ሰው ድንገት ቢመጣ ይገባል? ከፖርትላንድ ስንት ሰዓት ይነዳል?

ሜላት_ፖርትላንድ

መመዝገብ አለብሽ፣ ቦታ ይሞላል። ድረ ገጻቸው ላይ ቀኑን ሲያወጡ እዚሁ እለጥፈዋለሁ። ከፖርትላንድ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፤ ከሲያትል ስትመጪ ግን ፖርትላንድ ድረስ መውረድ የለብሽም፣ ሎንግቪው ጋ ድልድዩን ተሻገሪ። እኔ በፊቱ ቀን ነፃ ነኝ። ብትፈልጊ ሎንግቪው ተገናኝተን በአንድ መኪና እንግባ። መርፌና ክር እዚያ አለ፣ ቢጫ ጨርቅ ግን ይዘሽ ነይ።